የስፖርት ወጌሻ በስፖርት ሕክምና ክሊኒክ፤ ከሜዳ ዳር እስከ ሐኪሙ ክፍል

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢያቸው ወጣቶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ይሮጣሉ፤ ፈረስ ይጋልባሉ። በእነዚህ እንቅስቃሴዎች ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት፣ የጡንቻና የጅማት ጉዳት ይደርሳል። እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ የተጎዳው ስፖርተኛ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያገኘው ሐኪም ሳይሆን በሜዳው ዳር የቆመውን የቡድን ወጌሻ ወይም በሰፈሩ የታወቀውን የባህል ወጌሻ ነው። ይህ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ የሚያደርገው ነገር ስፖርተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሜዳ መመለሱን ወይም ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ መኖሩን ሊወስን ይችላል።

በተለያዩ አገሮች የስፖርት ጉዳትን ለመከላከል፣ ለመለየትና የተጎዳን አካል ወደ ቀድሞ ብቃቱ ለመመለስ በልዩ ሁኔታ የሠለጠነ ባለሙያ በስፖርት ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ በሐኪም አጋዥነት ተመድቦ ይሠራል። የባለሙያው ማንነት፣ በክሊኒኩ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ የሥልጣኑ ወሰንና እንደ አዊ ባሉ አካባቢዎች ሊሰጥ የሚችለው ጥቅም ከዚህ በታች ቀርቧል።

ወጌሻ፣ አሠልጣኝና አትሌቲክ ትሬነር

በኢትዮጵያ የስፖርት ቋንቋ ወጌሻ የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ይዟል። የመጀመሪያው ከአባት ወይም ከእናት በወረሰው ልምድ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን፣ የወለቀ መገጣጠሚያ የሚመልስና የሚያሽ የባህል ባለሙያ ነው። ሁለተኛው በእግር ኳስ ክለቦችና በብሔራዊ ቡድኖች ውስጥ ከአሠልጣኞች ጎን በተጠባባቂዎች ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠው የቡድን ባለሙያ ነው። የሁለተኛው ሥራ በሰሜን አሜሪካ አትሌቲክ ትሬነር ተብሎ ከሚጠራው ሙያ ጋር ይቀራረባል።

አትሌቲክ ትሬነር የሚለው ስያሜ በአማርኛ አሠልጣኝ ከሚባለው ጋር ሊምታታ አይገባም። አሠልጣኝ ስፖርተኛውን ለውድድር ያዘጋጃል፤ የጨዋታ ስልት ይቀርጻል፤ ተሰላፊ ይመርጣል። አትሌቲክ ትሬነር ግን የጤና ባለሙያ ነው። ከፊዚዮቴራፒስት ጋር የሚጋራቸው ተግባራት ቢኖሩም ልዩነት አለው። ፊዚዮቴራፒስት በስትሮክ ምክንያት ሰውነቱ ለማይታዘዝለት አረጋዊም ሆነ በአደጋ ለተጎዳ ሠራተኛ ሰፊ የተሃድሶ አገልግሎት ይሰጣል። አትሌቲክ ትሬነር ደግሞ ትኩረቱ በአካል እንቅስቃሴ ላይ ያሉ ሰዎች ሲሆኑ በልምምድና በውድድር ቦታ በአካል ተገኝቶ ድንገተኛ እርዳታ መስጠት የሙያው ዋና አካል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን የሠለጠነ ባለሙያ ከባህል ወጌሻ ለመለየት የስፖርት ወጌሻ የሚለው ስያሜ ጥቅም ላይ ውሏል።

የሙያው ዕድገት በሌሎች አገሮች

የአሜሪካ ብሔራዊ የአትሌቲክ ትሬነሮች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950 በካንሳስ ሲቲ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ባለሙያዎች በዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ውስጥ በልምድ የሚሠሩ ነበሩ። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ከ1970 ዓመታት መግቢያ ጀምሮ መሰጠት የጀመረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990 ሙያውን ከጤና ሙያዎች አንዱ አድርጎ ዕውቅና ሰጥቶታል። በአሁኑ ወቅት ወደ ሙያው ለመግባት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚጠየቅ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ባለሙያው በሕግ ተመዝግቦና ከሐኪም ጋር በተያያዘ አሠራር ይሠራል።

ሙያው ከስታዲየም ወደ ክሊኒክ የገባው ደረጃ በደረጃ ነው። የአጥንትና የስፖርት ሕክምና ሐኪሞች ከታካሚው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ አብዛኛው ታሪክ በመጠየቅ፣ ማሰሪያ በማሰርና የአካል እንቅስቃሴ በማስተማር እንደሚያልቅ ተገነዘቡ። እነዚህን ተግባራት በሙያው ለሠለጠነ አጋዥ ሲሰጡ ሐኪሞቹ ለምርመራና ለውሳኔ ሰፊ ጊዜ አገኙ። በአሜሪካ ክሊኒኮች የተካሄዱ ጥናቶች አትሌቲክ ትሬነር አብሯቸው የሚሠራ ሐኪሞች በቀን የሚያዩት ታካሚ በአንድ አምስተኛ ገደማ መጨመሩን አመልክተዋል።

ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ባለሙያዎችን በየራሳቸው መንገድ አደራጅተዋል። ደቡብ አፍሪካ በአካል እንቅስቃሴ ላይ የተመሠረተ ተሃድሶ የሚሰጡ ባዮኪነቲስት የሚባሉ ባለሙያዎችን በጤና ሙያተኞች ምክር ቤቷ አማካይነት ትመዘግባለች። ጃፓንም በስፖርት ማኅበሯ በኩል ለአትሌቲክ ትሬነሮች የብቃት ማረጋገጫ ትሰጣለች። ስያሜው ቢለያይም በሜዳውና በሐኪሙ መካከል የሚቆም የሠለጠነ ሰው ማዘጋጀት የጋራ ዓላማቸው ነው።

በክሊኒክ ውስጥ የሚያከናውናቸው ተግባራት

ታካሚው ወደ ክሊኒክ ሲገባ የስፖርት ወጌሻው በቅድሚያ የጉዳቱን ታሪክ ይመዘግባል። ጉዳቱ መቼና እንዴት እንደደረሰ፣ በወቅቱ የመሰንጠቅ ድምፅ መሰማቱን፣ እብጠቱ በደቂቃዎች ወይስ በማግስቱ መታየቱን፣ ስፖርተኛው ጨዋታውን መቀጠል መቻል አለመቻሉን ይጠይቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም ለምርመራው ትልቅ ጠቀሜታ አላቸው። ለምሳሌ በሩጫ ላይ ሳለ በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ጉልበቱ ውስጥ ድምፅ የሰማና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ ያበጠበት ተጫዋች የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

በመቀጠል የመገጣጠሚያውን የመታጠፍና የመዘርጋት መጠን ይለካል፤ የጡንቻውን ጥንካሬ ከጤናማው ጎን ጋር ያነጻጽራል፤ ያገኘውን ለሐኪሙ በአጭሩ ያቀርባል። ሐኪሙ መርምሮ የጉዳቱን ዓይነት ከወሰነና ሕክምናውን ካዘዘ በኋላ ታካሚው እንደገና ወደ ስፖርት ወጌሻው ይመለሳል። ፋሻ ወይም ደጋፊ ማሰሪያ ማሰር፣ የክራንቹን ርዝመት ከታካሚው ቁመት ጋር ማስተካከል፣ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወረድ ማሳየት፣ በቤት ውስጥ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችን ማስተማር የእርሱ ድርሻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ክትትል የሥራው ወሳኝ ክፍል ነው። ብዙ የስፖርት ጉዳቶች የሚያገረሹት የመጀመሪያው ሕክምና ስህተት ስለነበረ ሳይሆን ሕመሙ ሲጠፋ ስፖርተኛው እንደዳነ ቆጥሮ ስለሚመለስ ነው። የስፖርት ወጌሻው በስልክም ሆነ በአካል እየተከታተለ ስፖርተኛው መገጣጠሚያውን ያለ ሕመም ሙሉ በሙሉ ማንቀሳቀስ መቻሉን፣ የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤናማው 90 በመቶና ከዚያ በላይ መድረሱን፣ መዝለልና አቅጣጫ መቀየር መቻሉን ይፈትናል። የፊተኛው የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ተጫዋች ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላው ወደ ውድድር ቢመለስ ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍተኛ እንደሚሆን ጥናቶች ያሳያሉ። ይህን ለአሠልጣኙ፣ ለክለቡ አመራርና ለወላጅ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ የሐኪሙ ምክር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የሐኪሙን ሥራ የሚያግዙ መለኪያዎች

የስፖርት ወጌሻው ሥራ በግምት ላይ የተመሠረተ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈተኑ ቀላል መለኪያዎች ያሉ ሲሆን የኦታዋ የቁርጭምጭሚት መለኪያ አንዱ ነው። በካናዳ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀው ይህ መለኪያ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ ለመለየት ያገለግላል። በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያሉት የአጥንት ጉብታዎች ከኋላ ጠርዛቸው ወይም ከጫፋቸው ሲጫኑ ሕመም ካለ፣ ወይም ታካሚው ጉዳቱ እንደደረሰና በምርመራው ጊዜ 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ መነሳት ይኖርበታል። በእግሩ መሐል ክፍልም በትንሿ ጣት በኩል ያለው የአጥንት መነሻ ወይም በውስጠኛው ጎን ያለው ታንኳ መሰል አጥንት ሲጫን ካመመ እንዲሁ ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የስብራት ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

መለኪያው አላስፈላጊ የራጅ ምርመራን ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ራጅ ለማግኘት ረጅም መንገድ መጓዝ ለሚኖርበት የገጠር ወጣት ይህ የትራንስፖርት ገንዘብና የአንድ ቀን ሥራ ማዳን ነው። መለኪያው በሌላ በኩል ራጅ የግድ የሚያስፈልገውን ሰው ለይቶ ያለ መዘግየት እንዲላክ ያደርጋል።

የጭንቅላት ግጭት ሌላው ተጠቃሽ ጉዳይ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ግራ የተጋባ፣ ያዞረው፣ ያስታወከው ወይም የሆነውን ማስታወስ ያቃተው ተጫዋች ራሱን ባይስትም በዚያው ቀን ወደ ጨዋታ መመለስ የለበትም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት አንጻራዊ ዕረፍት ካደረገ በኋላ ከቀላል እንቅስቃሴ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚመለስ ሲሆን ግጭት ወዳለበት ልምምድ ከመግባቱ በፊት የሐኪም ፈቃድ ያስፈልገዋል። የስፖርት ወጌሻው በሜዳ ላይ የማስወጣት፣ በክሊኒክ ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ የመከታተል ኃላፊነት አለበት።

በስፖርተኛ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ የልብ ማቆም ከሁሉ የከፋው ነው። ተጫዋች ማንም ሳይነካው ወድቆ ካልመለሰና በአግባቡ ካልተነፈሰ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን ወዲያውኑ መጀመር አለበት። እርዳታው በዘገየ ቁጥር የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ስለሚቀንስ አምቡላንስ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም።

ከታላላቅ አትሌቶች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ የጉዳትና የማገገም ታሪክም ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ድሉን የደገመው ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ሲቲ ግን በእግሩ ላይ በነበረበት ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ለመውጣት ተገዷል። የወርቅ ሜዳሊያውን ያገኘው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ቀድሞ ካሸነፈ በኋላ የተረከዝ ጅማቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክም ከዚሁ ጅማት ሕመም ጋር ተወዳድሮ 5ኛ ወጥቷል። ጥሩነሽ ዲባባም እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር በጉዳት ምክንያት ሳትሰለፍ ቀርታለች።

እነዚህ አትሌቶች ቢያንስ የፌዴሬሽን፣ የቡድን ሐኪምና የውጭ አገር ሆስፒታል ድጋፍ ሊያገኙ የሚችሉ ነበሩ። ከ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ ወይም በዳንግላ ዙሪያ በጠዋት ተነስቶ የሚሮጥ ጀማሪ ወጣት ይህ ዕድል የለውም። በሯጮች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው በጫና ምክንያት የሚፈጠር የአጥንት መሰንጠቅ በቅልጥም ወይም በእግር አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የሚሰማ፣ በሩጫ የሚብስና በዕረፍት የሚቀንስ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ራጁ ጤናማ ነው ተብሎ ልምምዱን የቀጠለ ወጣት ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ሊሆንበት ይችላል። የስፖርት ወጌሻው የልምምዱን ብዛት፣ የጫማውን ሁኔታና የሜዳውን ዓይነት ስለሚያውቅ ጥርጣሬውን ለሐኪሙ ማድረስ የሚችል የመጀመሪያው ሰው ነው።

ለሴት ሯጮች ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የምታወጣውን ጉልበት የሚመጥን ምግብ የማታገኝ አትሌት የወር አበባዋ ሊቋረጥና አጥንቷ ሊሳሳ ይችላል። የወር አበባ ለ3 ወርና ከዚያ በላይ መቅረት ከጠንካራ ልምምድ የተነሳ የሚጠበቅ ነገር ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም፤ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ምልክት ነው። አትሌቷ ይህን በነጻነት እንድትናገር በሙያው ውስጥ ሴቶች መኖራቸው አስፈላጊ ይሆናል።

የባህል ወጌሻ ጥቅምና አደጋው

የባህል ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ በኅብረተሰቡ ዘንድ የታመነ ነው። ቀለል ያሉ ጉዳቶችን በማሰርና በማሳረፍ ብዙዎችን መርዳቱም አይካድም። ይሁንና በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሐኪሞች ከተመዘገቡ ከባድ ችግሮች አንዱ በተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ በታሰረ የቀርከሃ ወይም የእንጨት መቃ ምክንያት የደም ዝውውር ተቋርጦ አካሉ የሚሞትበት ሁኔታ ነው። በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸው ሕጻናትና ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። በቀርከሃ ምርቱ የታወቀው የአዊ አካባቢም ይህን ትምህርት የሚፈልግ ነው።

አደጋው የሚመጣው ከቀርከሃው ሳይሆን ከአስተሳሰሩ ነው። የተሰበረ አካል ማበጡ አይቀርም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ልክ የነበረ ማሰሪያ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጠብቃል። ከታሰረ በኋላ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ የጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መንጣት ወይም መጥቆር፣ ጣትን ማንቀሳቀስ አለመቻል የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እስኪነጋ መጠበቅ ጡንቻው እንዲሞት ያደርጋል።

አዲስ ጉዳትን በኃይል ማሸትም ጎጂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀደደ ጡንቻ ሲታሽ መድማቱ የሚጨምር ሲሆን በጭን ጡንቻ ላይ ደግሞ ደሙ ወደ አጥንትነት ሊለወጥ ይችላል። በእነዚህ ቀናት የሚመከረው አካሉን ከጫና መጠበቅ፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በልኩ በፋሻ መጠቅለል ነው። ለሕመሙ በረዶ በማይገኝበት ቦታ በቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ ይቻላል።

የሠለጠነው የስፖርት ወጌሻ የባህል ወጌሻውን ለማሳደድ የሚመጣ አይደለም። የክሊኒኩ ሐኪምና የስፖርት ወጌሻው የአካባቢውን የባህል ወጌሻዎች ሰብስበው የትኛውን ጉዳት መንካት እንደሌለባቸው፣ ማሰሪያ እንዴት እንደሚላላና ታካሚ መቼ እንደሚላክ ቢያሳዩ ከጥቂት ሰዓት ትምህርት የአንድ ልጅ እጅ ሊተርፍ ይችላል። ቁስል ያለበት ስብራት፣ በመገጣጠሚያ ላይ ያለ ስብራትና የሕጻናት የክርን ጉዳት ለሐኪም ብቻ የሚተዉ ናቸው።

የፈረስ ስፖርትና የዞኑ ሁኔታ

የአዊ ዞን ከሌሎች አካባቢዎች የሚለይበት አንዱ ገጽታ የፈረስ ባህሉ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን ፈረስ በዓድዋ ድል የነበረውን ድርሻ በማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ባሉት በዚህ ማኅበር በዓል ላይ ፈረሰኞች በጉግስና በግልቢያ ችሎታቸውን ያሳያሉ።

ከሚጋልብ ፈረስ መውደቅ ከእግር ኳስ ጉዳት የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል። የወደቀውን ሰው ጎትቶ ማንሳትና ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም አንገቱ ወይም ጀርባው ተሰብሮ ከሆነ ይህ ድርጊት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የስፖርት ወጌሻው ጭንቅላቱና አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ በሁለት እጁ ይዞ፣ መተንፈሱን አረጋግጦ፣ ረዳቶችን አስተባብሮ አካሉን በአንድነት በማዞር በቃሬዛ ላይ እንዲደረግ ያደርጋል። በበዓሉ ዕለት ቃሬዛው የሚቀመጥበትን፣ አምቡላንስ የሚገባበትን መንገድና ተቀባዩን ሆስፒታል አስቀድሞ መወሰንም ከሥራው አንዱ ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ሆስፒታል ያላቸው ከተሞች ናቸው። ከፍተኛ የአጥንት ሕክምና የሚያስፈልገው ታካሚ ግን የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ወደሚገኙባት ባሕር ዳር ይላካል። ባሕር ዳር ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀዶ ሕክምናው በዚያ ቢከናወንም ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የወራት የአካል እንቅስቃሴ ክትትል በየሳምንቱ ባሕር ዳር በመመላለስ ሊሟላ የሚችል አይደለም። በዞኑ በሚገኝ የጤና ተቋም አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ጥቂት የሚለጠጥ ጎማና የሐኪሙን መመሪያ ተቀብሎ የሚሠራ የስፖርት ወጌሻ ቢኖር የዚህ ክትትል አብዛኛው ክፍል በአቅራቢያ ሊከናወን ይችላል።

መከላከሉም በዚያው ልክ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ነው። 11 ፕላስ በሚል ስም የሚታወቀው የፊፋ የማሟሟቂያ መርሐ ግብር 15 እንቅስቃሴዎችን በሦስት ክፍል የያዘና 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ነው። ከኳስና ከሜዳ በስተቀር ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት መርሐ ግብሩን በተከተሉት ዘንድ አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ክሊኒኩ የስፖርት ወጌሻውን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ቡድኖች በመላክ ይህን ለአሠልጣኞች ሊያስተምር ይችላል።

የሥልጣን ወሰን

የስፖርት ወጌሻ ሐኪምን የሚተካ አይደለም። የመጨረሻውን ምርመራ አይወስንም፤ መርፌ አይወጋም፤ በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት በራሱ ሥልጣን አያዝም። ይህ ወሰን በጽሑፍ ካልተቀመጠ አጋዥ ባለሙያ መመደቡ ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክሊኒክ የትኛው ጉዳት በስፖርት ወጌሻው ሊታይ እንደሚችል፣ የትኛው ወዲያው ለሐኪም መቅረብ እንዳለበትና የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ የአሠራር መመሪያ ሊኖረው ይገባል። ባለሙያው ለሠራው ሥራ መዝገብ መያዝ፣ የታካሚውን ምስጢር መጠበቅና ከክለብ አመራር የሚመጣን ግፊት መቋቋም ይጠበቅበታል። ተጫዋቹ ለእሁዱ ጨዋታ ይደርሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጤናው ሊቀድም አይችልም።

የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ደንብ አሠልጣኞችን፣ ሐኪሞችንና ሌሎች የስፖርተኛ ደጋፊ ባለሙያዎችን ተጠያቂ ያደርጋል። የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ይታደሳል። ለምሳሌ በመርፌ የሚሰጡ የግሉኮኮርቲኮይድ መድኃኒቶች ከ2022፣ ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ በውድድር ጊዜ ተከልክለዋል። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ማስታገሻ የአንድን ወጣት አትሌት የወደፊት ዕድል ሊዘጋ ስለሚችል የስፖርት ወጌሻው ይህን አውቆ ስፖርተኛውን ማስጠንቀቅ አለበት።

ባለሙያውን ከየት ማግኘት ይቻላል?

ኢትዮጵያ ከሐኪም በታች ያሉ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ኃላፊነት በመስጠት ረገድ ረጅም ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ያፈራው ሐኪም በማይደርስበት ቦታ አገልግሎት እንዲሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ሠራተኞቹን እስከ ቀበሌ አድርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ በገጠር ሆስፒታሎች እናቶችን ሲታደጉ ቆይተዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ግልጽ ሥልጠና፣ ግልጽ ወሰንና የማያቋርጥ ክትትል ካለ አጋዥ ባለሙያ ሕይወት ያድናል።

በአማራ ክልል ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ በዘርፉ ቀዳሚ ከሆኑት ተቋማት አንዱ በመሆን ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ የስፖርት ሳይንስ ምሩቃንን ያወጣል። እንጅባራም ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ አላት። የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ስለ አካል እንቅስቃሴ ያውቃል፤ ይሁንና ሕመምተኛ የመመርመርና ድንገተኛ እርዳታ የመስጠት ሥልጠና ያስፈልገዋል። ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ደግሞ ሕመምተኛን ያውቃል፤ የስፖርቱን ባሕርይና የተሃድሶ እንቅስቃሴን መማር ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ ክሊኒክ በፊዚዮቴራፒስትና በሐኪም ሥር አሰባስቦ በተግባር ማሠልጠን አዲስ የትምህርት ክፍል እስኪከፈት ድረስ ሊሠራበት የሚችል መንገድ ነው። በክለቦች ውስጥ ለዓመታት በልምድ የሠሩ ወጌሻዎችም ከዚህ ሥልጠና ተቋዳሽ ሊሆኑ ይገባል።

የስፖርት ሕክምና ለታዋቂ አትሌቶች ብቻ የሚሰጥ ልዩ አገልግሎት ተደርጎ መታየት የለበትም። በዳንግላ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ተማሪና በእንጅባራ ከፈረስ የወደቀ አባወራ ነገ ወደ ትምህርቱና ወደ እርሻው መመለስ ይኖርባቸዋል። ለእነርሱ በሜዳው ዳር ከሚደርስላቸው ሰው ጀምሮ ሐኪሙን ጨምሮ እስከ ሙሉ ማገገም ድረስ ያልተቋረጠ አገልግሎት ማግኘት ወሳኝ ነው። ይህን ሰንሰለት የሚያያይዘው የሠለጠነ የስፖርት ወጌሻ እንደመሆኑ የጤና ተቋማት፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የትምህርት ተቋማት በጋራ ሊያዘጋጁት የሚገባ ባለሙያ ነው።